በቅሌት የተናጋ ተቋም የሚሰጠውን ቃል እንዴት እንመዝን? ከቦይንግ 737 ማክስ ጉዳይ የተወሰደ መመሪያ

የአንድ ትልቅ ተቋም ጥፋት አደባባይ በወጣ ማግስት ሕዝቡ ከሁለት ወገን ምክር ይሰማል። አንዱ ወገን ከእንግዲህ ማንንም አትመኑ ይላል፤ ሌላው ችግሩ ስለታረመ ወደየሥራችን እንመለስ ይላል። ሁለቱም ምክሮች ለመቀበል የሚቀሉት አድማጩን ከማጣራት ድካም ስለሚገላግሉት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ድካም ለመቀበል ፈቃደኛ ለሆነ አንባቢ ሲሆን፣ ዓላማውም ቅሌት የደረሰበት ተቋም ከሚናገረው ውስጥ የትኛውን አሁኑኑ መቀበል እንደሚገባ፣ የትኛውን ደግሞ እስኪረጋገጥ ማቆየት እንደሚሻል ማሳየት ነው።

ለማሳያ የመረጥኩት የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላንን ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ከጉዳዩ ጋር የተያያዙ በርካታ የውስጥ ሰነዶች ይፋ ወጥተዋል፤ በአንድ ጊዜም የተፈተኑት አምራቹ ቦይንግ ብቻ ሳይሆን የዓለም አቪዬሽን እንደ መለኪያ ይመለከተው የነበረው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 189 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ ከ35 አገሮች የመጡ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በሁለቱም በረራዎች ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት የአፍንጫውን ማዘንበል ከአየሩ ፍሰት አንጻር ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች ከአንዱ ብቻ የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ቀኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የዋሱን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ይከተሉ

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ይህን ተቋም አምናለሁ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «እስካሁን ያመንኩት በማን ዋስትና ነው?» የሚለው ነው። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የቦይንግን ንድፍ መርምሮ አይሳፈርም። እርሱ አየር መንገዱን ያምናል፤ አየር መንገዱ የአገሩን ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይዟል፤ የአገሩ ባለሥልጣንም አውሮፕላኑ የተሠራበት አገር ተቆጣጣሪ የሰጠውን የብቃት ማረጋገጫ በአብዛኛው እንዳለ ይቀበላል። እያንዳንዱ ከበላዩ ባለው ዋስ ተማምኖ ይፈርማል ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በራሱ ነውር የለበትም፤ እያንዳንዱ አገር እያንዳንዱን አውሮፕላን ከሥር መሠረቱ ልመርምር ቢል አቅሙም ባለሙያውም አይገኝም።

ችግሩ የሚታየው ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ ስንከተለው ነው። የአሜሪካ ሕግ ተቆጣጣሪው የማረጋገጥ ሥራውን በከፊል ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በዚህ ውክልና መሠረት ከማክስ የብቃት ምርመራ ብዙው ክፍል የተከናወነው ደመወዛቸውን ከቦይንግ በሚቀበሉ ሰዎች ነበር። በናይሮቢው በረራ ላይ የተቀመጠው መንገደኛ ዋስትና አገር ለአገር ተሻግሮ መጨረሻ ላይ ያረፈው በሻጩ በራሱ ላይ ነበር። ከአደጋው በኋላ የዘጠኝ የውጭ ተቆጣጣሪዎች ባለሙያዎች ከአሜሪካኖቹ ጋር ሆነው ያካሄዱት የጋራ ግምገማ በኦክቶበር 2019 ሲወጣ፣ ተቆጣጣሪው ስለ ኤምካስ የነበረው ግንዛቤ የተሟላ እንዳልነበረ፣ መረጃውም በተቆራረጠ መልክ ይደርሰው እንደነበር አስቀምጧል።

ስለዚህ በሚያሳስብዎት ጉዳይ ውስጥ ያሉትን ዋሶች በወረቀት ላይ በተርታ ይጻፏቸው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ነገር ያስፍሩ፤ ይህ አካል ነገሩን በራሱ ዐይን መርምሯል ወይስ የሌላውን ፊርማ ተቀብሏል? ደመወዙንስ የሚከፍለው ማነው? የባንክ ኦዲተርም ይሁን የመድኃኒት ፈቃድ ሰጪ ወይም የዕርዳታ ድርጅት ተቆጣጣሪ፣ ይህ አሠራር በሁሉም ላይ ይሠራል። ቅሌት ሲፈነዳ የሚፈርሰው እምነት ሁሉ በአንድ ቦታ የነበረ ይመስለናል፤ ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ግን የትኛው ቀለበት እንደተበጠሰና የትኞቹ ገና እንደያዙ ለይቶ ማየት ይቻላል።

የታወቀበትን ቀንና የተነገረበትን ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ስሕተት በየትኛውም ትልቅ ሥራ ውስጥ አይጠፋም፤ በተቋም ላይ የሚመሰክርበት ወይም የሚመሰክርለት ስሕተቱን ባወቀበትና ባሳወቀበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለሆነም ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ በአንደኛው ተቋሙ ምን መቼ እንዳወቀ፣ በሁለተኛው ያንኑ ነገር ለሚመለከተው ሰው መቼ እንደነገረ ይመዝግቡ። ሁለተኛው ዓምድ በዜና ይሞላል። አንደኛው ግን በአብዛኛው የሚሞላው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ምርመራ አማካይነት ነው፤ በመሆኑም ባዶ ቦታ መተው አያሳፍርም።

የማክስ ሠንጠረዥ ምን እንደሚመስል እንመልከት። በ2012 አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ኤምካስ ያለአግባብ ሲነሣ ሁኔታውን ተረድቶ ለመመለስ ከ10 ሰከንድ በላይ እንደወሰደበትና ውጤቱም የከፋ አደጋ ሊሆን እንደሚችል በውስጥ ሰነድ ተመዝግቦ ነበር። ለተቆጣጣሪው በቀረበው የደኅንነት ትንተና ሥርዓቱ የኋላ ክንፉን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው 0.6 ዲግሪ ብቻ እንደሆነ ሲገለጽ፣ ወደ አገልግሎት የገባው አውሮፕላን ግን እስከ 2.5 ዲግሪ ያንቀሳቅስ ነበር። በ2017 ደግሞ ሁለቱ ሴንሰሮች የተለያየ ንባብ ሲሰጡ አብራሪውን ማስጠንቀቅ የነበረበት ምልክት በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ ቦይንግ ደረሰበት፤ ተቆጣጣሪውና አየር መንገዶቹ ይህን የሰሙት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው። በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥም የኤምካስን አሠራር የሚያብራራ አንቀጽ አልነበረም።

ተቆጣጣሪውም የራሱ መስመር አለው። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ በዲሴምበር 2018፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች ባካሄዱት የውስጥ ስሌት፣ እርማት ካልተደረገ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተጨማሪ የሞት አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምተው ነበር። አስተዳደሩ ለአብራሪዎች የተላለፈው ማስጠንቀቂያና በዝግጅት ላይ የነበረው የሶፍትዌር እርማት ለጊዜው ይበቃሉ ብሎ አውሮፕላኑ መብረሩን እንዲቀጥል ተወ። ሕዝቡ ይህን ቁጥር የሰማው በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት በተካሄደ የምርመራ ችሎት ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ዲሴምበሮች መካከል መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እንዳለ ልብ ይሏል። እኔ በበኩሌ ከጉዳዩ ሰነዶች ሁሉ የዚህን ያህል የከበደኝ የለም፤ ምክንያቱም ስሌቱ ስሕተትን የማየት ችሎታ እንደነበረ ያሳያል። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን የታየውን ነገር ለሚሳፈረው ሰው የመንገር ግዴታ ነበር።

ሠንጠረዡ ሲሞላ የሚመጣው ጥያቄ «ለምን ዘገየ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ስለ ክፋት ከመገመት ይልቅ ዝምታው ለማን ምን ያህል ያተርፍ እንደነበር መፈለግ ይሻላል። ቦይንግ ከሳውዝዌስት አየር መንገድ ጋር በገባው ውል፣ አብራሪዎቹ ማክስን ለማብረር የሲሙሌተር ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ከተባለ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተስማምቶ ነበር። ኤምካስን አዲስ ነገር አድርጎ ማስተዋወቅ ሥልጠና ሊያስከትል ይችል ነበር፤ ሥልጠናው ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል። ይህን የመሰለ አንድ የውል አንቀጽ ማግኘት አሥር የተቆጣ አስተያየት ከማንበብ ይበልጣል።

መግለጫዎችን በዝግታ ያንብቡ

በቅሌት መካከል ያለ ተቋም በግልጽ መዋሸት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ማርች 12 ቀን 2019 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ባወጣው መግለጫ እስካሁን ባደረገው ግምገማ የሥርዓት ችግር እንዳላየና አውሮፕላኑን ለማገድ የሚያበቃ መሠረት እንደሌለ አስታወቀ። በዕለቱ ይህ አነጋገር ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ማስረጃ አላየሁም ማለት ደኅንነቱን አረጋግጫለሁ ማለት አይደለም፤ ሰሚው ግን ሁለተኛውን ሰምቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መግለጫ ሲያጋጥም የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደተጫነ ይጠይቁ፤ አምራቹ ደኅንነቱን ማሳየት አለበት ወይስ የሞቱት ሰዎች ወገኖች አደጋውን ማስረዳት አለባቸው?

ሁለተኛው ምልክት ጥፋቱ ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በወጡት የቦይንግ መግለጫዎች ጎልተው የታዩት የጥገናው ታሪክና የአብራሪዎቹ እርምጃ ነበሩ። ከኢትዮጵያው አደጋ በኋላም ስለ «ውጭ አገር አብራሪዎች» ብቃት የተነሡ አስተያየቶች እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደርሰዋል። የአብራሪ ብቃት በማንኛውም የአደጋ ምርመራ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ መሆኑን አልክድም፤ ዳሩ ግን ምርመራው ሳይጀመር መልሱ ቀድሞ ሲመጣ፣ መልሱን ያመጣውም ከመልሱ የሚጠቀመው ወገን ሲሆን፣ ያ መልስ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይ።

ሌሎች ምን አደረጉ? ምን ተናገሩ የሚለውን ለጊዜው ይተዉት

ተራ ሰው የአውሮፕላን ሶፍትዌር መመርመር አይችልም፤ መመርመር የሚችሉት ግን በተግባራቸው የሚናገሩት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖቹን ወዲያው አቆመ። የቻይና ተቆጣጣሪ በማርች 11 አገደ፤ በማግሥቱ ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ተከተሉ፤ አሜሪካ ያገደችው ካናዳ ካገደች በኋላ በማርች 13 ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ 387 ማክሶች በአገልግሎት ላይ ነበሩ። ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካኖቹን ፊርማ ሲከተሉ የኖሩ ተቆጣጣሪዎች በሦስት ቀን ውስጥ ቀድመዋቸው ተገኙ።

ከዚያ ሳምንት ክስተቶች ለእኔ ይበልጥ የሚናገረው ግን የጥቁር ሣጥኑ ጉዞ ነው። ኢትዮጵያ መረጃውን የምታነብበት መሣሪያ ስላልነበራት ለሌላ አገር መላክ ነበረባት። ጀርመን ለአዲሱ ሞዴል የሚሆን ሶፍትዌር እንደሌላት ስትገልጽ ሣጥኑ ወደ ፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ተላከ። አውሮፕላኑን የሠራችው፣ ያረጋገጠችውና ትልቅ የምርመራ አቅም ያላት አሜሪካ ነበረች፤ ሆኖም ሣጥኑ ወደዚያ አልሄደም። የአሜሪካ መርማሪዎች በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በምርመራው ተሳትፈዋል፤ መረጃውን በእጁ የሚይዘው ግን ሌላ ወገን ሆነ። እምነትን ሳይክዱ መመጠን ማለት በተግባር ይህን ይመስላል።

ተግባርን ስንመለከት ሁለት ነገሮች እንዳያሳስቱን መጠንቀቅ ይገባል። የመጀመሪያው ድርጊቱ ሌላ ጥቅም ሊኖረው መቻሉ ነው፤ ቻይና በዚያ ወቅት ከአሜሪካ ጋር በንግድ ጦርነት ላይ ስለነበረች የእርሷን እርምጃ ብቻውን ምስክር ማድረግ አይበቃም፤ የአሜሪካ ወዳጆች የሆኑት የካናዳና የብሪታንያ እርምጃ ሲደረብበት ግን ክብደቱ ይለወጣል። ሁለተኛው ምርጫ ማጣትን ከእምነት ጋር መቀላቀል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፌብሩዋሪ 2022 ማክስን መልሶ ማብረር ጀመረ፤ በኖቬምበር 2023 በዱባይ የአየር ትርዒት ላይም 20 ተጨማሪ ማክሶችን አዘዘ። ይህ ውሳኔ በአውሮፕላኑ ላይ በተደረገው እርማት መርካትን ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን የዚህ መጠን አውሮፕላን በብዛት የሚያቀርቡ ፋብሪካዎች በዓለም ሁለት ብቻ መሆናቸውንና የአንዱ ወረፋ ዓመታትን እንደሚያስጠብቅ ሳያስቡ ከዚህ ትእዛዝ ስለ ቦይንግ ታማኝነት መደምደሚያ ማውጣት ስሕተት ነው። በአንድ ቴሌኮም ወይም በአንድ መብራት ኃይል ሲገለገል ለኖረ አንባቢ ይህ ነጥብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይቅርታውን፣ ቅጣቱንና ለውጡን ለየብቻ ይዩ

ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዜና ውስጥ ታሽገው ስለሚመጡ መለያየት ይኖርባቸዋል። ይቅርታን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ለሐዘንተኞች ዋጋ አለው፣ ለመንገደኛው ደኅንነት ግን ምንም አይነግረውም።

ስለ ቅጣት ሲነገር ጠቅላላ ድምሩን ሳይሆን ክፍፍሉን ያንብቡ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር የቀረበበት የወንጀል ክስ ለሦስት ዓመት እንዲቆይለት ሲስማማ ዜናው «2.5 ቢሊዮን ዶላር» የሚል ነበር። ከዚህ ውስጥ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገድ ደንበኞች የሚከፈል ካሣ፣ 500 ሚሊዮኑ ለሟቾች ቤተሰቦች የሚውል ሲሆን፣ የወንጀል ቅጣት ተብሎ የተጣለው 243.6 ሚሊዮን፣ ማለትም ከድምሩ አንድ አሥረኛ ያህሉ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በዲሴምበር 2019 ከሥልጣን ሲነሡ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የአክሲዮንና የጡረታ ጥቅም ይዘው ወጥተዋል። በግለሰብ ደረጃ የተከሰሰው አንድ የቴክኒክ አብራሪ ብቻ ነበር፤ እርሱም በማርች 2022 ነፃ ወጣ። ስምምነቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2024፣ ከፖርትላንድ የተነሣ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ የበር መድፈኛው አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ መርማሪዎቹም መድፈኛውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች እንዳልነበሩ ደረሱበት። በሜይ 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ቦይንግ ስምምነቱን እንዳፈረሰ አስታወቀ፤ ከብዙ መመላለስ በኋላ ግን በኖቬምበር 2025 ዳኛው የመንግሥትን ጥያቄ ተቀብለው ክሱን ዘጉት። የሟቾች ቤተሰቦች አጥብቀው ተቃውመው ነበር።

ለውጥ ከእነዚህ የሚለየው ተቋሙ ከእጁ የለቀቀው ነገር ስለሚኖርበት ነው። መጠየቅ ያለበትም ተቋሙ ትናንት ብቻውን ይወስነው ከነበረው ውስጥ ዛሬ ያለሌላ ሰው ፈቃድ መወሰን የማይችለው የትኛውን ነው የሚለው ነው። በማክስ ጉዳይ እንዲህ ያለ ለውጥ አለ። በዲሴምበር 2020 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውክልናውን አሠራር አጥብቋል፤ ኤምካስም ከእንግዲህ የሚነሣው የሁለቱን ሴንሰሮች ንባብ አነጻጽሮ ነው፤ አብራሪዎችም የሲሙሌተር ሥልጠና ይወስዳሉ። የአውሮፓው ተቆጣጣሪ አሜሪካ በኖቬምበር 2020 እገዳውን ስታነሣ ፊርማዋን ብቻ አይቶ አልተከተለም፤ የራሱን የሙከራ በረራ አካሂዶ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2021 ፈቀደ። ከዋሶቹ አንዱ በራሱ ዐይን ማየት ጀመረ ማለት ነው፤ እኔ ከቅጣቱ ሁሉ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው።

ጥርጣሬውንም በዚያው ሚዛን ያስቀምጡ

ቅሌት ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱ ከሳሹን ወገን ከምርመራ ነፃ ማድረጉ ነው። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በዲሴምበር 2022 ሲያወጣ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ሚና ላይ ሳይለያዩ፣ ሪፖርቱ የአብራሪዎቹን እርምጃ በበቂ ሁኔታ አልመረመረም ሲሉ የተቃውሞ አስተያየት አሳተሙ። ሴንሰሩ በምን ተበላሸ በሚለውም አልተስማሙም፤ ኢትዮጵያውያኑ ወደ ኤሌክትሪክ ችግር ሲያዘነብሉ አሜሪካኖቹ ከወፍ ጋር በመጋጨቱ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ልቡ ወዴት እንደሚያጋድል አውቃለሁ፤ የእኔም ያጋድላል። ሆኖም ከላይ የተዘረዘረው የዋስ ጥያቄ እዚህም ይጠየቅ፤ አየር መንገዱም መርማሪው ቢሮም የአንድ መንግሥት ናቸው፤ የአሜሪካው መርማሪም የአምራቹ አገር ሰው ነው። ሁለቱም ሪፖርቶች ይነበቡ፤ የሚስማሙበት ነገር፣ ማለትም የአንድ ሴንሰር ስሕተት አውሮፕላኑን ወደ ታች የሚገፋ ንድፍ መኖሩ፣ ከሁለቱም ጥቅም ውጭ ስለሆነ እንደተረጋገጠ ሊያዝ ይችላል።

እምነት የሚመለስበትን መለኪያ አስቀድመው ይወስኑ

ቁጣው ሳይበርድ፣ ምን ከሆነ እምነቴን ልመልስ እችላለሁ የሚለውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው፤ አለበለዚያ እምነቱ የሚመለሰው ዜናው ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሆናል። መለኪያው ከውጭ የሚታይ፣ በቀን የተወሰነና ቢፈርስ የሚታወቅ ይሁን። ለምሳሌ ያህል፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከማክስ አደጋ በኋላ ቦይንግ ከፋብሪካ ለሚወጡት የማክስ አውሮፕላኖች የብቃት ወረቀት በራሱ እንዳይሰጥ ከልክሎት ነበር፤ ለድሪምላይነሮቹም በ2022 ከለከለ። በሴፕቴምበር 2025 ይህን ሥልጣን በከፊል ሲመልስለት በሳምንት ፈረቃ አደረገው፤ አንዱን ሳምንት ቦይንግ፣ ቀጣዩን ሳምንት ተቆጣጣሪው ራሱ ወረቀቱን ይፈርማል። ጉዳዩን ለሚከታተል አንባቢ ይህ አሠራር የተመቸ መለኪያ ነው፤ በቦይንግ ሳምንትና በተቆጣጣሪው ሳምንት በተፈረመላቸው አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ጉድለት እኩል ነው ወይ? ንጽጽሩስ ለሕዝብ ይገለጻል ወይ? ፈረቃው የሚቀርበት ቀን ሲታወጅ ከማስታወቂያው ጋር መፈለግ ያለበት ይህ መልስ ነው።